ለሁሉም ወገን የሚሸጥ ቆጠራ፦ የአሶሺየትድ ፕሬስ የምርጫ ውጤት አገልግሎት ሲገመገም

አሜሪካ ውስጥ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫን ድምፅ በአንድ ማዕከል ደምሮ አሸናፊውን በዚያው ሌሊት የሚያሳውቅ ብሔራዊ የምርጫ ቦርድ የለም። ምርጫውን የሚያካሂዱት ግዛቶች ናቸው፤ ቆጠራውን ደግሞ ከ3,000 የሚበልጡ ካውንቲዎች (በግዛት ሥር ያሉ የአስተዳደር ክፍሎች)፣ በአንዳንድ ግዛቶችም ከተሞችና ትንንሽ አስተዳደሮች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት ያከናውኑታል። በሕግ የጸናው ውጤት የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው። በምርጫው ማግስት ዓለም ሁሉ የሚቀባበለው "እገሌ አሸነፈ" የሚለው ዜና እንግዲህ ምንጩ መንግሥት ሳይሆን ፕሬሱ ነው። የምርጫ ቦርድ መግለጫ ጠብቀን ላደግን ኢትዮጵያውያን ይህ አሠራር መጀመሪያ ላይ ግር ያሰኛል፤ ያዳላል፣ ያጋንናል፣ ይደብቃል እየተባለ ሌት ተቀን የሚከሰሰው ፕሬስ የመጨረሻውን ቃል እንዴት ሊናገር ይችላል የሚል ጥያቄም ያስነሣል። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ባለፈው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የዜና ወኪሉን የአሶሺየትድ ፕሬስን (ከዚህ በኋላ ኤፒ እለዋለሁ) የምርጫ ውጤት አገልግሎት በዋና ምንጭነት የተከታተልኩት፤ ግምገማዬም የሚያተኩረው በዚሁ የቆጠራና አሸናፊን የማሳወቅ ሥራ ላይ እንጂ በድርጅቱ የፖለቲካ ዘገባ ላይ አይደለም።

አገልግሎቱ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። ሆኖም አብዛኛው ሰው ሳያውቀው በሌላ በር ይጠቀምበታል፤ ብዙ ጋዜጦች፣ ሬዲዮዎችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በካርታቸው ላይ የሚያሳዩት ቁጥር ከኤፒ የተገዛ ነውና። ኤፒ የፕሬዚዳንት ምርጫን ውጤት ማሰባሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1848 ዛካሪ ቴይለር በተመረጠበት ጊዜ ነው። ዛሬ ከ4,000 የሚበልጡ የአካባቢ ዘጋቢዎች በየካውንቲው ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ቁጥሩ በወጣ ቁጥር በስልክ ያስተላልፋሉ፤ ተቀባዮቹ ደግሞ የተነገራቸውን እያስገቡ ካለፈው ምርጫ ጋር የማይጣጣም ወይም ከመራጩ ቁጥር የሚበልጥ ነገር ሲያዩ መልሰው ይጠይቃሉ። በዚህ ላይ ግዛቶቹና ካውንቲዎቹ በየድረ ገጻቸው የሚያወጡት መረጃ ይታከልበታል። በ2024 ሥራው ከፕሬዚዳንቱ እስከ ግዛት ምክር ቤቶች ድረስ 5,000 ያህል ውድድሮችን ይሸፍን ነበር።

አሸናፊን የማሳወቁ ደንብ ጥብቅ ነው። የምርጫ ጣቢያዎች የሚዘጉበት ሰዓት ሳይደርስ ማንም አሸናፊ አይባልም። ከተዘጉም በኋላ ጥያቄው "ማን እየመራ ነው?" የሚል ሳይሆን "የሚከተለው ዕጩ ሊደርስበት የሚችልበት መንገድ ቀርቷል ወይ?" የሚል ነው። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ተብሎ ካልታመነበት ገጹ ዝም ይላል። ድርጅቱ ስለ አሸናፊው ግምት ወይም ትንበያ አያወጣም፤ "ሊያሸንፍ ይችላል" የሚል አነጋገርም ከዚህ ገጽ አይገኝም።

ዝምታው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያየሁት በ2024 ምርጫ ሌሊት ነው። ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር፣ በዋሽንግተን የሰዓት ክልል ልግለጸው። ኤፒ ሰሜን ካሮላይናን ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ጆርጂያን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ58 ደቂቃ፣ ፔንሲልቬንያን 8 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ላይ ለዶናልድ ትራምፕ ሰጠ። በዚህም ግዛቶቹ ለአሸናፊያቸው የሚሰጡት የመራጭ ተወካዮች ድምፅ ሲደመር ትራምፕ 267 ደረሱ፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ነው። ወግ አጥባቂ ተመልካች የበዛበት የቴሌቪዥን ጣቢያ ፎክስ ኒውስ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ 7 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ውድድሩ አብቅቷል ብሎ ነበር። ትራምፕ ፍሎሪዳ ውስጥ ደጋፊዎቻቸው ፊት ቆመው የድል ንግግር ሲያደርጉ የኤፒ ገጽ አሁንም 267 ላይ ነበር። አንዱን መስኮት ከፍቶ ንግግሩን፣ በሌላው መስኮት ያንን ያልተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚያይ ሰው ገጹ የተበላሸ ሊመስለው ይችል ነበር። ገጹ ግን አልተበላሸም። ዊስኮንሰን ውስጥ በሚልዋኪ ከተማ የቆጠራ ማሽኖቹ በሮች በአግባቡ አለመታሸጋቸው በመታወቁ 30,000 ያህል ከጣቢያ ውጭ የተሰጡ ድምፆች እንደገና በማሽን እንዲያልፉ ተወስኖ ነበር፤ የከተማዋ ድምፅ ደግሞ ለዴሞክራቶች የሚያደላ ስለሆነ ሳይደመር አሸናፊ መባል አይችልም ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ላይ ዊስኮንሰን ተነገረ፤ ድምሩም 277 ሆነ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሙሉ ሌላው ዓለም የሚያወራውን እየሰሙ ዝም ማለት በዜና ሥራ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኔ ግምት የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ግን ካርታውም ቁጥሩም ሳይሆን ከእያንዳንዱ ወሳኝ ውሳኔ ጋር የሚወጣው አጭር ማብራሪያ ነው። ለምን አሁን ተነገረ? የትኛው ካውንቲ ስንት ድምፅ ቀርቶታል? የቀረው ሁሉ ለተከታዩ ዕጩ ቢሆን እንኳ ለምን አይበቃውም? እነዚህን ጥያቄዎች በቀላል እንግሊዝኛ፣ ከጥቂት አንቀጾች በማይበልጥ ጽሑፍ ይመልሳል፤ ገና ያልተነገረ ውድድር ሲኖርም ለምን እንዳልተነገረ ይጽፋል። ለአንባቢው የሚሰጠው የመመርመሪያ መሣሪያ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ስሌቱን ራሱ ደምሮ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ይህ ማብራሪያ በተለይ የሚያስፈልገው በሌሊቱ ቆጠራ ላይ ነው። ፔንሲልቬንያና ዊስኮንሰን በፖስታ የተላኩ ድምፆችን ከምርጫው ቀን በፊት መክፈትና ማዘጋጀት በሕግ አይፈቅዱም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚታየው ጣቢያ ሄዶ የመረጠው ሰው ድምፅ ይሆንና ሌሊት ላይ ከትልልቅ ከተሞች የፖስታው ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲገባ መሪው ይለወጣል። በ2020 "ሰው ተኝቶ ሳለ ድምፅ ተሰረቀ" የተባለው ክስ አንዱ መነሻው ይኸው ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥም፣ በታክሲ ሾፌሮች መካከልም በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ ስንቴ እንደተወራ አንባቢ ያስታውሳል። የኤፒ ማብራሪያዎች ነገሩ ከመድረሱ በፊት፣ የትኛው ግዛት በምን ቅደም ተከተል እንደሚቆጥር አስቀድመው የሚናገሩ ስለነበሩ፣ ያነበባቸው ሰው ሌሊት ላይ አይደናገጥም ነበር። ችግሩ ያነበባቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አመኔታው ልምጣ። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ጋሉፕ እንዳወጣው፣ በመገናኛ ብዙኃን ላይ ከፍተኛ ወይም መጠነኛ አመኔታ ያለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1976 72 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2024 31 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ 28 በመቶ ደርሷል። በ2024 ከዴሞክራቶች 54 በመቶው ሲያምን ከሪፐብሊካኖች የሚያምነው 12 በመቶው ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ "ገለልተኛ ነኝ" ማለት ብቻውን የሚያሳምነው ሰው የለም። ደግሞም አለማመኑ ሁሉ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ፍሎሪዳን ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ለአል ጎር ሰጡ፤ ከዚያም መልሰው ወሰዱት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ለጆርጅ ቡሽ ሰጡት፤ ሳይነጋ እርሱንም መለሱት። ጎር ስልክ ደውለው ሽንፈታቸውን ከተቀበሉ በኋላ እንደገና ደውለው ቃላቸውን ያነሡት በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ልዩነት 537 ድምፅ ነበር። ኤፒ በመጀመሪያው ስሕተት ውስጥ ነበረበት፤ በሁለተኛው ግን ጣቢያዎቹን ተከትሎ ቡሽን አላወጀም።

ወገንተኝነት ስንል አብዛኛውን ጊዜ የአዘጋጁን የፖለቲካ ዝንባሌ እናስባለን። የ2020ው የአሪዞና ታሪክ ግን ሌላ ገጽታውን ያሳያል። ፎክስ ኒውስ አሪዞናን ለጆ ባይደን የሰጠው በምርጫው ምሽት 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ላይ፣ ከሁሉም ቀድሞ ነው። ውሳኔው በጣቢያው የቁጥር ባለሙያዎች የተላለፈ ሲሆን በመጨረሻም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ተመልካቹ ግን ተቆጣ፤ ብዙው ወደ ሌላ ጣቢያ ሄደ፤ በወራት ውስጥ ከውሳኔው ጋር ስማቸው የተያያዘ ኃላፊዎች ከጣቢያው ለቀቁ ወይም ተሰናበቱ። የድምፅ መስጫ ማሽን አምራቹ ዶሚንየን ባቀረበው የስም ማጥፋት ክስ የተገለጡት ሰነዶች፣ በውስጥ የማይታመንበት የማጭበርበር ወሬ በአየር ላይ ሲተላለፍ የጣቢያው ሰዎች ተመልካች እንዳይሸሻቸው ምን ያህል ይሰጉ እንደነበር አሳይተዋል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በ787.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስፈራው አዘጋጁ ተመልካቹን ማሳሳቱ ብቻ አይደለም፤ ተመልካቹ ሊሰማ የማይፈልገውን እውነት የተናገረው ክፍል መቀጣቱ ነው። የግራ ዘመም ተመልካች ያላቸው ጣቢያዎችም ከዚህ ፈተና ነፃ ናቸው ብዬ አላምንም፤ በሰነድ የተገለጠው ግን ይህኛው ነው።

የኤፒን አገልግሎት የማምንበት ምክንያት እንግዲህ ጋዜጠኞቹ ከሌሎቹ የተሻለ ሥነ ምግባር አላቸው ብዬ አይደለም። ምክንያቴ የገበያው ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1846 የኒው ዮርክ ጋዜጦች ከሜክሲኮው ጦርነት የሚመጣውን ዜና የማስተላለፍ ወጪ ለመጋራት ያቋቋሙት የጋራ ማኅበር ነው፤ ለትርፍ አይሠራም፤ ቁጥሩንም የሚሸጠው ለወግ አጥባቂውም ለለዘብተኛውም፣ ለትንሹ የገጠር ጋዜጣም ለትልቁ ጣቢያም ነው። ለሁሉም የሚያቀርብ ጅምላ ነጋዴ አንዱን ደንበኛ ለማስደሰት ሚዛኑን ቢያዛባ ሌላው ጥሎት ይሄዳል። ቆጠራው ተሳስቶ ቢገኝ የሚጎዳው ሁሉም ስለሆነ ሁሉም ይጠብቀዋል። ሰው በተፈጥሮው ያዳላል፤ ማዳላት የማያዋጣበት አደረጃጀት ግን ሊኖር ይችላል።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ ጉድለቱንም በግልጽ መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ራሱ አሪዞና ነው። ኤፒም ያችን ግዛት ለባይደን የሰጠው በዚያው ሌሊት 8 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ላይ ነበር። ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ሲኤንኤንና ኤንቢሲ ግን እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ ጠበቁ፤ በእነዚያ ቀናት የባይደን ብልጫ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ 10,457 ድምፅ ላይ ቆመ። ውሳኔው ትክክል ሆኖ መገኘቱ አይካድም፤ ነገር ግን "የሚከተለው ዕጩ መንገዱ ተዘግቷል" የሚለው ደንብ በዚያ ሌሊት በእርግጥ ተሟልቶ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እኔ አልተሟላም ባይ ነኝ። በዚያው ምርጫ ጆርጂያ ላይ የታየው ትዕግሥት የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ሌሎቹ በኖቬምበር 13 ሲያውጁ ኤፒ በእጅ የተደረገው ቆጠራ እስኪያልቅ፣ እስከ ኖቬምበር 19 ድረስ ቆየ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ጥንቃቄው በሁሉም ቦታ እኩል እንዳልነበር ይታያል።

ሁለተኛው የገጹ አሠራር ነው። ከእያንዳንዱ ግዛት አጠገብ ምን ያህሉ ድምፅ እንደተቆጠረ የሚያሳይ የመቶኛ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትክክለኛ ቆጠራ ያነበዋል። እንዲያውም ስንት ሰው መረጠ ተብሎ በተሠራ ግምት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አዲስ መረጃ ሲገባ ወደ ኋላ ሊመለስም ይችላል፤ 99 በመቶ ላይ ደርሶ ለቀናት የሚቆይበት ጊዜም አለ። ድርጅቱ ግምት መሆኑን ይናገራል፣ ነገር ግን በትንንሽ ፊደል ነው። ቁጥሩ 95 ሆኖ ወደ 93 ሲወርድ የሚያይ ተጠራጣሪ ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። አመኔታን ለመገንባት ይህን ሁሉ የለፋ ተቋም በዚህ ቀላል ነገር ላይ መስነፉ ያስቆጫል።

ቮትካስት የተባለውና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የጥናት ማዕከል ኖርክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሲካሄድ የነበረው የመራጮች ጥናትም በ2024 የአገልግሎቱ አካል ነበር፤ በዚያ ዓመት ከ120,000 የሚበልጡ መራጮች ተጠይቀውበታል። ማን ለምን መረጠ ለሚለው ጥያቄ ይጠቅም ነበር። የምርጫውን ሌሊት ለሚከታተል ተራ ሰው ግን የግድ አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉድለት ከቆጠራው ውጭ ያለ ነው። ቁጥሩና የፖለቲካ ዘገባው የሚወጡት በአንድ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ኤፒ ፕሬዚዳንት ትራምፕ "የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ" ያሉትን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በቀድሞ ስሙ መጥራቱን በመቀጠሉ ዋይት ሐውስ ዘጋቢዎቹን ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ዝግጅቶች አገደ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያ ክርክር ማንም ትክክል ይሁን፣ ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር የተጣላ ወገን ሆኖ በታየ ቁጥር ግማሹ ሕዝብ ቆጠራውንም በዚያው ዓይን ሊያየው ይችላል። የቆጠራውን ክፍል በተለየ ስም፣ በተለየ ቦርድ ማቆም አይሻልም ነበር ወይ የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ይመጣብኛል።

ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ የቋንቋው ነገር አለ። ገጹ አማርኛ የለውም። የዋሽንግተን ዲሲ የምርጫ ቦርድ ለመራጮች በአማርኛ መረጃ የሚያወጣባት ከተማ ውስጥ እየኖሩ፣ ዜግነት ወስደው ድምፅ ሰጥተው ውጤቱን ግን በልጅ ወይም በልጅ ልጅ አስተርጓሚነት የሚከታተሉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲያገለግላቸው የነበረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍልም እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የጣቢያው ሠራተኞች ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ ሥራው ተቋረጠባቸው። ክፍተቱን የሚሞሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮዎች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ቁጥር ይጠራል፣ የቁጥሩ ምንጭ ግን ብዙ ጊዜ አይጠራም።

ይህን አገልግሎት ስገመግም የኢትዮጵያን የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሳላስብ ማለፍ አልቻልኩም። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ በታላቅ ብዛት ወጥቶ መረጠ፤ የቴሌቪዥን ክርክሮቹ ያነሣሡት ተስፋ ገና አልበረደም ነበር። በማግስቱ ግን ገዥው ፓርቲም ተቃዋሚዎቹም አሸንፈናል ማለት ጀመሩ። የመንግሥት ጣቢያዎች የአንዱን፣ የግል ጋዜጦች የሌላውን ሲያስተጋቡ፣ የምርጫ ቦርዱ ውጤት ደግሞ እየዘገየ ሲሄድ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነና ሁለቱም ወገን ደንበኛው የሆነ ቆጣሪ አልነበረም። ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው ይለጠፍ ነበር፤ የተለጠፈውን ወረቀት ከየጣቢያው ሰብስቦ፣ ደምሮ፣ ስሌቱን ለሕዝብ ያሳየ የዜና ተቋም ግን አልተገኘም። በ2013 ዓ.ም.ም ውጤት በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ አይተናል፤ አገራዊውን ድምር የሰማነው ግን ሐምሌ 3 ቀን ከቦርዱ ነው። አንድ ጋዜጣ ወይም ጣቢያ ብቻውን ይህን ቢሠራ የየትኛው ወገን እንደሆነ ከመጠየቅ አያመልጥም። ብዙዎቹ ወጪውን ተጋርተው አንድ ቆጠራ ቢገዙ ግን፣ የኒው ዮርክ ጋዜጦች በቴሌግራፍ ዘመን እንዳደረጉት፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘጋቢ ወረቀቱን ፎቶ ሲያነሣ የማይታሰርበት ሁኔታ ነው፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

አገልግሎቱን ልጠቀም ለሚል ሰው፣ በኖቬምበር 2026 የምክር ቤት ምርጫ ሌሊት ገጹን ሲከፍት ከካርታው በፊት የማብራሪያ ጽሑፎቹን እንዲያነብ፣ የመቶኛውን ቁጥር ለጊዜው እንዲተወውና በሌላ ጣቢያ ላይ የሰማውን "አሸነፈ" እዚህ ሳያገኝ ቢቀር ለምን እንደሆነ የተጻፈውን እንዲፈልግ እመክራለሁ። የምክር ቤት ወንበሮች ውጤት በተለይ በካሊፎርኒያ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ስለሚዘገይ፣ ማን ምክር ቤቱን እንደያዘ በዚያው ሌሊት ላይታወቅ ይችላል።